ሲሞላ ይወጣል

«መቼ ነው የሚወጣው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወላይታ ሶዶ ውስጥ ብዙ ነው፤ መልሱ ግን አንድ ነው። «ሲሞላ።» ወደ ቦዲቲ ይሁን ወደ አረካ፣ ወደ ሁምቦ ይሁን ወደ በሌ፣ ወደ ሻሸመኔ ይሁን ወደ አርባ ምንጭ፣ ረዳቱ ፊቱን ሳያዞር የሚመልሰው ይህንኑ ነው። በዚህ መልስ ምክንያት ስንት ቀጠሮ እንደፈረሰ፣ ስንት ክፍለ ጊዜ መምህር ሳይገባበት እንዳለፈ፣ ስንት በሽተኛ ካርድ ሳያወጣ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ የሚቆጥር የለም። ሰልችቶናል። በየታክሲው፣ በየሻይ ቤቱ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው፤ ተነጋግረን ስናበቃ በማግስቱ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን።

ሶዶ መንገድ ያጣች ከተማ አይደለችም። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተነስቶ መንገዱ በየአቅጣጫው ይወጣል፤ በአረካ አድርጎ ወደ ሆሳዕና፣ በቦዲቲ በኩል ወደ ሻሸመኔ፣ በሁምቦ ወርዶ አባያን በግራ እያየ ወደ አርባ ምንጭ፣ በሌላ በኩል ወደ ሳውላ፣ ዳውሮን አቋርጦ ደግሞ ወደ ጅማ። መኪናውም ቢሆን አለ። ሚኒባሱ፣ ቅጥቅጡ፣ ትልቁ አውቶቡስ ተሰልፎ ይታያል። የጎደለው የመነሻ ሰዓት ነው። መኪናና መንገድ ኖሮ ሰዓት ከሌለ፣ ሰው ቀኑን እንዴት ሊያቅድ ይችላል?

ጠዋት በ12 ሰዓት መናኸሪያ የደረሰ ሰው ተራ የያዘው መኪና ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሦስት ሰዎች ቀድመውታል፤ ሌላው ወንበር ባዶ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ «የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ሰው አምኖ ይገባል፤ ገብቶ ሲያይ ገና ነው፤ ልውረድ ቢል ጓዙ ተጭኗል። አንዳንድ ቀን ደግሞ መኪናው በእርግጥም የሞላ ይመስላል። ተሳፋሪው ደስ ብሎት ሒሳቡን ይከፍላል፤ ከከፈለ በኋላ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ ለማስመሰል የተቀመጡ ነበሩ። ይህን የማያውቅ ተጓዥ የለም፤ ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም የሚሳፈር ያውቀዋል። አውቀነውም እንገባለን፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው መኪና ተራው ስላልደረሰ አይጭነንም።

የተራ ነገር ከተነሳ ይህን ልበል። መናኸሪያ ውስጥ ተራ የሚከበረው ለመኪናው ነው። የትኛው ቀድሞ ገባ፣ የትኛው ይከተላል፣ ማን ተራ ሰረቀ በሚለው ላይ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ተራ አስከባሪው ታርጋ በደብተር ይመዘግባል፤ ሾፌርና ሾፌር የሚጣላውም በዚሁ ነው። ተሳፋሪው በስንት ሰዓት መጣ፣ ስንት ሰዓት ተቀምጦ ጠበቀ የሚል መስመር ግን ደብተሩ ላይ የለም። ሞልቶ ከወጣ በኋላም ነገሩ አያልቅም። ከመውጫው እልፍ ብሎ ይቆማል፤ ትርፍ ይጭናል። ከዚያ ማደያ ይገባል። ሰው ጭኖ የነዳጅ ሰልፍ የሚይዝ መኪና ውስጥ፣ ሕፃን ያዘለች እናት በፀሐይ ስትንቆራጠጥ ማየት ለኛ አዲስ አይደለም። ነዳጁን ማታውኑ መቅዳት ሲቻል ለምን ጠዋት በሰው ሰዓት እንደሚቀዳ ብጠይቅ፣ ያገኘሁት መልስ ማታ አልነበረም የሚል ነው። ይህም ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሠራተኛው ነገር ነው። ወላይታ ውስጥ ሶዶ አድሮ ወረዳ የሚሠራ፣ ወረዳ አድሮ ሶዶ የሚሠራ ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። መምህሩ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ ነርሷ ሁሉም ማለዳ መንገድ ላይ ናቸው። አረካ የምትኖር፣ ሶዶ የምትሠራ አንዲት ነርስ አስቡ። ጠዋት በ2 ሰዓት ሌሊቱን ካደረችው ተረኛ ሥራ መረከብ አለባት። መንገዱ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከቤቷ በ12 ሰዓት ብትወጣም መኪናው እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጣ ታረፍዳለች። በዚህ ጊዜ ሶዶ ያለችው ተረኛ ርክክብ ሳታደርግ መሄድ ስለማትችል፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይኗ የጠዋቱን መርፌ ትወጋለች፣ የጠዋቱን መድኃኒት ትሰጣለች። ልጇን ትምህርት ቤት አላደረሰችም፤ ባሏም ሥራ ሊገባ እሷን እየጠበቀ ነው። አረካ ላይ ያልሞላው አንድ ወንበር ሶዶ ውስጥ የአንድ ቤት ሙሉ ቀን ያበላሻል።

ኃላፊዋስ ምን ያድርግ? የተረኞችን ዝርዝር በሳምንቱ መጀመሪያ አዘጋጅቶ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ሰዓት አለ። ዝርዝሩ ግን የሚሠራው ሰዎቹ በሰዓቱ ከደረሱ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ስልክ ይደውላል። «የት ደረስሽ?» «መኪና ውስጥ ነኝ፣ እየሞላ ነው።» የሚቆርጠው ደመወዝ ቅጣት ለማን እንደሆነ እሱም አያውቅም። አንድ የማውቀው ርእሰ መምህር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ለሚኖሩ መምህራን ብቻ መመደብ ጀምሯል። ሒሳብና ፊዚክስ አስተማሪዎቹ ከሶዶ የሚመጡ ስለሆኑ ተማሪዎቹ እነዚህን ትምህርቶች ሁልጊዜ ረፋድ ላይ፣ ሲደክማቸው ነው የሚማሩት። የትምህርት ቤቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል በመናኸሪያ ይወሰናል ማለት ነው።

በ2015 ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ፣ ወላይታ ላይ በሰኔ ተደግሞ፣ በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የአስተዳደርና የፖለቲካ ማዕከል ሆነች። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በስድስት ከተሞች ተከፋፈሉ፤ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላ፣ ካራት። ሁሉም ሕዝብ ከመንግሥቱ እንዲቀርብ የተደረገ ነውና አልቃወመውም። ነገር ግን አንድ ጉዳይ ያለው ሰው፣ አንድ ደብዳቤ የሚያደርስ ሠራተኛ፣ ሶዶ ፊርማ አስፈርሞ አርባ ምንጭ ማኅተም ሊያስመታ ሲሄድ ያለው አማራጭ ያው ሲሞላ የሚወጣው መኪና ነው። አርባ ምንጭ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓቱ የሚነሳ መኪና ቢኖር ሄዶ ጉዳይ ጨርሶ መመለስ ይቻላል። አሁን ግን ሰው አልጋ ይዞ ያድራል። ዲላ በሐዋሳ በኩል ዞሮ ነው፤ ጂንካ በአርባ ምንጭና በካራት አልፎ ነው። ስድስት ከተማ ላይ የተዘረጋ መሥሪያ ቤት ስድስቱን የሚያያይዝ የመነሻ ሰዓት ሳይኖረው እንዴት ሥራው ይቀላጠፋል? ለስብሰባ ሲሆን መኪና ይገኛል፤ እንዲያውም በስብሰባና በበዓል ሰሞን ከመስመር ላይ መኪና ለኮንትራት ስለሚወጣ፣ የቀረነው እጥፍ እንጠብቃለን።

ባቡር ቢኖር የሚል ሰው ሶዶ ውስጥ ሁልጊዜ አይጠፋም። ምኞቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ከ2003 እስከ 2007 በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከሞጆ ተነስቶ በሻሸመኔ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መስመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ይነገር ነበር። ያ መስመር ወላይታን ሳይነካ አያልፍም ብለን ተስፋ ያደረግን ብዙ ነበርን። አልመጣም። እኔ ግን ሐዲዱን አይደለም የማዝንለት። ባቡር ያለበት አገር ሰዎች የሚያገኙት ትልቁ ነገር ሰዓት ነው፤ ሰዓት ደግሞ በአስፋልትም ላይ ይሄዳል።

ባቡር ሞላ አልሞላ ይነሳል። መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ መስመሩ ይታነቃል። አዲሱን የጅቡቲ ባቡር ተመልከቱ። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ አንዱ ጣቢያ ላይ ገለል ብሎ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። አንዱ ሃያ ደቂቃ ቢዘገይ የሚያሳልፈውም ሃያ ደቂቃ ይቆማል፤ ያኛው የሚጠብቀው ደግሞ እንዲሁ። ስለዚህ ስምሪት ክፍሉ አስቀድሞ የሁሉንም መነሻና መድረሻ ይሠራል፤ ቀጥሎ የትኛው ሎኮሞቲቭ የትኛውን ጉዞ እንደሚጎትት ይመድባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚደለደለው። የትኛው ነጂ የት ተነስቶ የት ይወርዳል፣ የት ያድራል፣ ስንት ሰዓት ያርፋል፣ ማን ይተካዋል፣ አንዱ ቢታመም በተጠባባቂነት የሚቀመጠው ማን ነው። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ካለቀ በኋላ ነው ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው።

ቀድሞ በፈረንሳዮቹ ባቡር ዘመንም እንዲሁ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ ተጓዡ ድሬዳዋና አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ነበር የሚደርሰው። ቀርፋፋ ነበር፤ ነገር ግን መቼ እንደሚነሳና የት እንደሚያድር ይታወቅ ነበር። ነጋዴው፣ አልጋ አከራዩ፣ ፍራፍሬ ሻጯ ኑሯቸውን በዚያ ሰዓት አደላድለው ኖረዋል። ቀርፋፋ ሆኖ የታወቀ ነገር ፈጣን ሆኖ ካልታወቀ ነገር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ባቡር ሁሉን ፈታ አልልም። የጅቡቲው መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ሲጀምር ለስድስት ዓመት ያህል ያስተዳደሩት ቻይናውያን ነበሩ፤ ወደ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ሠራተኞች እጅ የተላለፈው በግንቦት 2016 ነው። ኃይል ይቋረጣል፣ ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ ይገባል፣ ገመድ ይሰረቃል። በ2008 መጀመሪያ የተከፈተው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም መለዋወጫ እያጣ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ አይተናል። ሆኖም ባቡር ሲዘገይ «ዘገየ» ይባላል፤ የተወሰነ ሰዓት ስላለው። የእኛ መኪና አይዘገይም፤ የሚዘገይበት ሰዓት አልተሰጠውም። ስለዚህ የሚጠየቅ ሰው የለም። አቤቱታ ብናቀርብ እንኳ ምን ብለን እናቀርባለን?

ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ልማድ ሆኗል። እኔ አልወቅሰውም፤ ከኛ በላይ የሚደክመው እሱ ነው። ባለንብረቱ ማታ የተወሰነ ገቢ ይጠብቃል፤ ሾፌሩና ረዳቱ የሚያገኙት ከዚያ ከተረፈው ነው። ታሪፉ የሚታሰበው በኪሎ ሜትርና በሰው ነው፤ ለባዶ ወንበር የሚከፍል የለም። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው እየተነሳ ሲሄድ ለሕዝብ ማመላለሻ የተለየ ድጎማ ቢያዝም ዋጋው ወጥቶ ወጥቶ አልቆመም፤ ነዳጁ ራሱ ከማደያ ሲጠፋ ደግሞ ከሌላ ቦታ በውድ ይገዛል። በዚህ ሁሉ ላይ ሁለት ባዶ ወንበር ይዞ መውጣት ማለት የዕለት እንጀራውን ማጣት ነው። እኔም እሱ ወንበር ላይ ብቀመጥ እንደዚያው ባደረግሁ ነበር።

የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተራ ሲጠብቅ ሦስት ሰዓት የባከነበት ሾፌር ያን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ሊያካክስ ይፈልጋል። ቆሞ የጠፋው ጊዜ በሁምቦ ቁልቁለት በፍጥነት ይመለሳል። ትናንት ሌሊቱን ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰ፣ መናኸሪያ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተኮራምቶ ያደረ፣ ዛሬ መልስ ጭኖ የሚመጣ ሰው ዓይኑ ይከደናል። ስንት ሰዓት ነዳ፣ ስንት ሰዓት አረፈ ብሎ የሚመዘግብለት የለም። የባቡር ነጂ ዕረፍቱን ሳይጨርስ ባቡር አይሰጠውም፤ የእኛ ሾፌር ግን ስልሳ ሰው ጭኖ የሚያርፈው ሲሞላለት ብቻ ነው። መንገድ ላይ በየጊዜው የምንሰማው ሞት ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ አውቀንም «ሹፌሩ ፈጥኖ ነው» ብለን እናልፋለን። ለምን ፈጠነ የሚለውን አንጠይቅም።

መናኸሪያው ውስጥ ስምሪት ላይ የተመደቡትም ሠራተኞች ያሳዝኑኛል። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክርቢቶ፣ ከግል ኪሳቸው ካርድ የሚሞሉት አንድ ስልክ ነው ያላቸው። ተሳፋሪው በእነሱ ላይ ይጮኻል፣ ሾፌሩ ይጮኻል፣ ደላላው በጎን ይሠራባቸዋል፣ ከላይ ደግሞ «ለስብሰባ አምስት መኪና ላክ» የሚል ስልክ ይመጣል። ነገ ስንት መኪና እንደሚገባ ዛሬ ማታ የሚነግራቸው የለም። የሚተካቸውም የለም፤ ንጋት የመጣው ሰው ማታም እዚያው ነው። ድልድል ሠሪው ለራሱ ድልድል የለውም።

የጊፋታን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ጊፋታ በመስከረም፣ በመስቀል ሰሞን እንደሚውል ያልሰማ የለም። አዲስ አበባ ሎተሪ የሚያዞረው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ሐዋሳ ግንባታ ላይ የሚውለው፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የወላይታ ልጅ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ለእናቱ፣ ለአባቱ ሊደርስ ይመጣል። በየዓመቱ ይመጣል። በየዓመቱ መኪና ይጠፋል፣ ታሪፍ በእጥፍ ይጠየቃል፣ ወጣቱ ሻሸመኔ ላይ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ተሸጦ ሌሊቱን በረንዳ ላይ ያድራል። ለእናቱ ከገዛው ነጠላ የሚበልጠውን ብር መንገድ ላይ ይከፍላል። ይህ ድንገተኛ ጎርፍ አይደለም፤ ቀኑ የታወቀ፣ መነሻው የታወቀ፣ መድረሻው የታወቀ ጉዞ ነው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገቡና ሲወጡም እንደዚሁ ነው፤ የመግቢያው ቀን በማስታወቂያ ይነገራል፣ መናኸሪያው ግን በዚያ ቀን እንደ ማንኛውም ቀን ይከፈታል። የታወቀን ነገር አስቀድሞ ማሰናዳት ካልተቻለ ያልታወቀው ሲመጣ ምን ሊኮን ነው?

ሁሉ ጉዞ በአንድ ቀን ሰዓት ይያዝለት አልልም። የጠዋቱ የመጀመሪያ መኪና ብቻ ይበቃኛል። ከሶዶ ወደ ቦዲቲ፣ ወደ አረካ፣ ወደ ሁምቦ፣ ከነዚህም ወደ ሶዶ፣ በ12 ሰዓት ተኩል ሞላም አልሞላም የሚነሳ አንድ አንድ መኪና። ነዳጁን ማታ ቀድቶ የሚያድር፣ ሾፌሩ ቤቱ ተኝቶ ያደረ፣ ታርጋውና ሰዓቱ በር ላይ የተለጠፈ። በዚያ መኪና መምህሩም፣ ነርሷም፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለውም ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው በለመደው ተራ ይቀጥል። ባለንብረቶቹ በማኅበር የተደራጁ ናቸው፤ በየተራ ያን ጉዞ ቢይዙት ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ አይወድቅም። ቀሪው የገንዘብ ነገር ነው። አራት ባዶ ወንበር ይዞ ለሚነሳ መኪና የአራቱን ሒሳብ ማን ይሸፍን የሚለውን ማኅበራቱ፣ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱና እኛ ተሳፋሪዎች ተቀምጠን እንነጋገርበት። እኔ በታሪፉ ላይ ጥቂት ብር ጨምር ብባል እከፍላለሁ፤ በየጠዋቱ አብረውኝ የሚጠብቁትም እንከፍላለን ነው የሚሉት።